አንድ ጣት የሳተ ቀዳዳ

ጥር 7

የጭነት መኪናው ዛሬም ወደ ግራ ተንጋዶ ገባ። ጭነቱን የሚሸከመው የኋላው ባሌስትራ ተጠፍጥፎ ሊተኛ ምንም አልቀረውም። ሹፌሯ ወርዳ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችና "ዶክተር፣ በሽተኛህን አመጣሁልህ" አለችኝ። ዶክተር የምትለኝ ስትናደድ ነው። ሥር ገባሁ። ከባሌስትራው ሰባት ቅጠል ብረት አንዱ ተሰንጥቋል። ቀየርኩ፣ ግራሶ ቀባሁ፣ ወጣሁ። ምሳ አለፈኝ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ጥር 9

ሚስቴ ደወለች። ከተማ ያለው የአውቶቡስ ጋራዥ ተቀብሎኛል! መጋቢት 1 ሥራ እንድጀምር። ከቤት በእግር ሩብ ሰዓት ነው አለች። ከዚህ የመልቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ይዤ መቅረብ አለብኝ።

ዘጠኝ ዓመት በዚህ የውኃ ቁፋሮ ካምፕ... የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት። በመስኮቱ የሚታየው የቧንቧ ክምር ነው። ቤቴ የምገባው በሦስት ወር አንዴ።

አስተማሪዋ ልጄን "አባትሽ የት ነው የሚኖረው?" ብላ ብትጠይቃት "ስልክ ውስጥ" አለቻት አሉ። ሚስቴ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አልሳቅሁም።

ጥር 10

አለቃ ዘንድ ገባሁ። የመጋዘኑ ቁልፍ፣ የቢሮው ቁልፍ፣ የነዳጁ ቁልፍ ሁሉ ወገቡ ላይ ነው። ከኋላው "ቁልፌ" የምንለው ለዚያ ነው። ጉዳዬን ነገርኩት።

"አንተ ከሄድክ ያንን መኪና ማን ይነካዋል? የዚያን ባሌስትራ ጠባይ ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።"

"ሰው ይገኛል፣ አለቃ።"

"እንዲህ እናድርግ። አዲስ ባሌስትራ ምረጥ፣ ሸክም የሚችል። አስመጣለሁ። ሹፌሯ ከመጀመሪያው ቡሎን እስከ መጨረሻው እያየችህ ትገጥማለህ። እሷ 'አሁን ችያለሁ' ስትለኝ እፈርምልሃለሁ።"

ቀላል ነው አይደል? ለሌላ መካኒክ ቢሆን ቀላል ነበር።

ጥር 11

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው።

እዚህ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ሠራተኛ ይቀነሳል ተባለ። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች። ፈራሁ። ከሦስት የሞቱ መኪኖች ቅጠል ለቃቅሜ የራሴን ባሌስትራ ሠራሁ። በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። የመሃሉን ቡሎን ቀዳዳ አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት አዛውሬ በሳሁት። አክስሉ ላይ ባሌስትራው የሚያርፍበትን መቀመጫም እንደዚያው። የድሮውን ቀዳዳ በብየዳ ደፈንኩ፣ ሞረድኩ፣ ቀለም ቀባሁ። ከዚያ ወዲህ የየትም ፋብሪካ ባሌስትራ እዚያ መኪና ላይ አይገባም። የእኔ ብቻ።

አምስት ሰው ተቀነሰ። እኔ ቀረሁ። ብልጥ ነኝ አልኩ።

አሁን "እያየችህ ግጠም" ተባልኩ። የፋብሪካ ባሌስትራ ቢመጣ መቀመጫውን መፋቅ ግድ ነው። ሲፋቅ ብየዳው ይታያል። የሰው ንብረት አበላሸ ተብሎ ደብዳቤዬ ላይ ቢጻፍስ? ማን ይቀጥረኛል? ሰው በቆፈረው ጉድጓድ ራሱ ይገባል ይላሉ። እኔ የገባሁት ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ነው።

ጥር 15

ባሌስትራ ሻጩ ጋ ደወልኩ። ሰውየው ወሬ ይወዳል።

"ያለው ላይ አንድ ቅጠል ብትጨምርስ?" አለኝ። ያለው አርጅቷል አልኩት። "እንግዲያው አሥራ አንድ ቅጠል ያለው አለ። ቤት ብትጭንበት አይጎብጥም። ባዶውን ሲሄድ ግን ኩላሊት ያወልቃል። ሌላው ረጅም፣ ሦስት ቅጠል ብቻ ያለው ነው፤ ለድንጋያማ መንገድ እንደ ፍራሽ ነው፤ ከተሰበረ ግን በረሃ ላይ አትጠግነውም።" ደግሞ፣ "ለመሆኑ ባዶውን የሚሄደው ስንት ጊዜ ነው?" አለ።

አላውቅም አልኩት።

"ሹፌሩን ጠይቀው እንጂ ወንድሜ! ለማን ልትገጥም ነው?"

ጥር 16

ጠየቅኋት። ጎማ እየመታች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ።

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዛሬ ጠየቅከኝ? ማን ነካህ?"

"ንገሪኝ እስቲ።"

"ይህ በአፍ አይነገርም። ና አብረኸኝ ሂድ።"

ጥር 21

ሄጄ መጣሁ። ሦስት ቀን መንገድ። ስንሄድ ቧንቧ ስለጫነች መኪናዋ አደብ ገዝታ ነበር። ስንመለስ ባዶ... አምላኬ! እያንዳንዱ ድንጋይ በወገቤ ገብቶ በጥርሴ ወጣ። ምላሴን ነከስኩ። እሷ ወገቧን በሰፊ ጨርቅ ጥፍር አድርጋ ታስራለች። እንደምታስር እንኳ አላውቅም ነበር። የሠራሁት መኪና ላይ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ? ግቢ ውስጥ አንድ ዙር፣ ከዚያ ውረድ።

ከመቀመጫዋ ኋላ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ብርድ ልብስና ደረቅ ብስኩት አለ። "ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?" አልኳት።

"ከዚያ ከሦስቱ ቀን ወዲህ ሳልይዝ አልወጣም።"

አስታወስኩ። የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ደረቁ ወንዝ ውስጥ ባሌስትራው ተሰበረባት። እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ከሌላ ካምፕ መካኒክ አዲስ ባሌስትራ ይዞ ሄደ፤ ሞከረ፣ ሞከረ፣ "አይገባም" ብሎ ተመለሰ። መኪናውን ትታ መሄድ ስላልቻለች፣ እስክጠራ፣ እስክደርስ ሦስት ቀን ብቻዋን ቆየች። መጨረሻ ላይ የራዲያተሩን ውኃ ልትጠጣ አስባ እንደነበር ዛሬ ነገረችኝ። እንደ ቀልድ ነው የነገረችኝ።

ያን ጊዜ ስጠራ ምን ተሰማኝ? እውነቱን ልጻፍ። ደስ አለኝ። ያለ እኔ አይሆንላቸውም ብዬ ደስ አለኝ።

ጥር 22

ዛሬ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ጥር 28

ምርጫው ታወቀ። ከላይ አምስት ቀጭን ቅጠል፣ ከሥር አንድ ወፍራም ተደራቢ። ወፍራሙ የሚነካው ጭነት ሲመጣ ብቻ ነው። ባዶ ስትሄድ አምስቱ ያንሳፍፏታል። ሹፌሯ "ይህኛው ለሰው የተሠራ ነው" አለች። አለቃም እሺ አለ።

ሻጩ ልክ ላክ ብሎኛል። ከመሃሉ ቀዳዳ እስከ ፊተኛው ጆሮ፣ እስከ ጫፉ ቀለበት። "የፋብሪካው ልክ ካልሆነ ደግሞ ንገረኝ፣ በፈለግከው በኩል እበሳልሃለሁ" አለ።

እንዲያ ነው ለካ! በእኔው ልክ ቢበሳ መቀመጫው አይፋቅም፣ ብየዳው አይታይም። ሲገጠም ታያለች፣ አለቃ ይፈርማል፣ እሄዳለሁ። ማን ያውቃል?

እሷ ግን... እኔ ሄጄ ባሌስትራው የተሰበረ ቀን ማንን ትጠራለች?

የካቲት 2

ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሁለት ቁጥር ጽፌበታለሁ፤ የፋብሪካውን ልክና የእኔን። አንዱን መሰረዝ ብቻ ነው የቀረኝ። አራት ቀን ሆነኝ።

ሚስቴ ደወለች። "ደብዳቤውስ?"

"እየተሠራ ነው።"

"ስማ፣ ልጅቷ አልጋህ በየት በኩል ይሁን እያለች እየጠየቀችኝ ነው። የማይሆን ከሆነ ሳላስለምዳት ንገረኝ።"

ይሆናል አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ከዚያ ተቀምጬ ወረቀቱን ሳይ ዋልኩ። መስኮቱም፣ የቧንቧውም ክምር፣ ክፍሉም ያው ነው፤ ዛሬ ግን አየር አነሰኝ።

የካቲት 4

ነገርኳት።

ከመኪናው ሥር ወስጄ በጣቴ አሳየኋት። ቀዳዳው ይሄ ነበር፣ ወደዚህ ያዛወርኩት እኔ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ ይሄውልሽ አልኳት። ቶሎ ቶሎ ነው የተናገርኩት። እሷ በጀርባዋ እንደተኛች ቀለሙን በጥፍሯ ፋቀችው።

"እና ያ ሰውዬ 'አይገባም' ብሎ ጥሎኝ የሄደው... በዚህ ነው?"

"አዎ።"

"ሰነፍ መስሎኝ ስንት ዓመት ረገምኩት።"

ተስባ ወጣች፣ ልብሷን አራገፈች፣ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 5

ጠዋት በሬን አንኳኳች። "ተነስ፣ አለቃ ጋ እንሂድ። እኔ ፊት ነው የምትናገረው።"

ተናገርኩ። አለቃ ይጮሃል ብዬ ነበር። ሳቀ!

"ያቺ ቀዳዳ? ገና በሁለተኛው ዓመት ነው ያየኋት። ቀለሟ አዲስ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ በረሃ ላይ የሚቆይ መካኒክ ከየት ላመጣ ነው? ራስህን አሰርክልኝ። እኔ ልፍታህ?"

በጥፊ የተመታሁ ያህል ነው። ሰባት ዓመት እኔ ያታለልኩት እየመሰለኝ... ሹፌሯ ግን እኔን አላየችም፣ እሱን ነው የምታየው።

"እኔ ወንዝ ውስጥ ስቀመጥስ ያውቁ ነበር?"

አለቃ ቁልፎቹን ማማታት ጀመረ።

የካቲት 6

መኪናውን የግቢው በር ላይ አቁማዋለች፣ መግቢያውን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። ነዳጅ አይገባም፣ ቧንቧ አይወጣም።

አለቃ ወጥቶ ጮኸ። እሷ የመኪናው መወጣጫ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች።

"የፋብሪካው ልክ ይታዘዝ። የእሱም ደብዳቤ ይፈረም፣ ያለ አንድ መጥፎ ቃል። እስከዚያ አልነሳም።"

"ስንት ቀን ልትቀመጪ ነው?"

"ሦስት ቀን ችግር የለብኝም፣ ለምጄዋለሁ።"

ሄጄ አመሰግናለሁ ልላት ሞከርኩ። "ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ" አለችኝ። "ከእንግዲህ ማንንም ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልፈልግም። አንተንም ጭምር።"

የካቲት 7

ማለዳ ቁፋሮው ቦታ ያሉት ሰዎች ቧንቧ የታለ እያሉ ደወሉ፣ ደጋገሙ። አራት ሰዓት ላይ አለቃ ፈረመ። ወረቀቱ ላይ የእኔን ልክ ሰርዤ የፋብሪካውን ላክሁ። ደብዳቤዬ ሹፌሯ ዘንድ ነው፤ ገጥመን ስንጨርስ ትሰጠኛለች። እሷም "ቁልፌ" ሆነች እንግዲህ! የሚገባኝ ነው።

የካቲት 24

ባሌስትራው ትናንት መጣ፣ ዛሬ ገጠምን። ገጠመች ብል ይሻላል። ክሪኩን እሷ አነሳች፣ መቀመጫውን እሷ ፋቀች፣ የደፈንኩትን ቀዳዳ እሷው በድሪል ከፈተችው። እኔ መብራት ይዤ ነበር። ቡሎኑ ያለ መዶሻ ሰተት ብሎ ገባ። የግራው አራት ሰዓት ወሰደባት፣ የቀኙ ሁለት።

ፖስታውን ከመኪናው መሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ። ጣቷ ላይ ያለው ግራሶ ጥግ ጥጉን ነክቶታል። ይቅርታ አልኳት። "ሰማሁ" አለች። ይቅር አላለችኝም። ሰማሁ ነው ያለችው።

መጋቢት 20

ቤቴ ነኝ። ይህን የምጽፈው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሹፌሯ አንድም ቀን አልደወለችም። ወይ ባሌስትራው አልተሰበረም፣ ወይ ተሰብሮ ራሷ ቀይራዋለች። በሁለቱም እኔ አላስፈልግም። ለዚህ ነበር የለፋሁት፤ ታዲያ ለምን ይከፋኛል? ይከፋኛል።

ጋራዡ ውስጥ ወሬ አለ። ከመካኒኮቹ ሁለቱ ይቀነሳሉ አሉ። የመጨረሻው ገቢ እኔ ነኝ። ዛሬ አንድ አሮጌ አውቶቡስ መጣ፣ ባሌስትራው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ለካሁት። የሌላ አውቶቡስ ባሌስትራ ልክክ ብሎ እንደሚገባለት ደረስኩበት። ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ደቂቃ ያህል ሜትሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ያ የድሮው ብልጠት መጣብኝ፤ ለራሴ ብይዘው አልቀነስም።

ጠመኔ አንስቼ ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ጻፍኩት። የየትኛው እንደሚገባ፣ ልኩን፣ ሁሉን።

አጠገቤ የሚሠራው ብየዳ ሠራተኛ አየና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሙያህን ግድግዳ ላይ ከለጠፍከው ነገ ማን ይፈልግሃል?" አለኝ።

እንጃ አልኩት። እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ቤት ደርሼ አንኳኳሁ። ልጄ ከውስጥ "ማነው?" አለች። "እኔ ነኝ" አልኩ። ሌላ አልጠየቀችኝም፣ ከፈተችልኝ።