ሁለት ኪኒን አብሬ በመዋጤ ስለ ተጠረጠርሁበት ጉዳይ

ለተከበሩ አቶ አዲስዓለም፣
የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣
ስማዳ

እንደ ምን ሰነበቱ? ጎንዎን፣ ጀርባዎን፣ በተለይም ነርቭዎን እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ሕመሙን ስለማውቀው ምኞቴ እውነተኛ ነው።

ባለፈው ክረምት አልማዝ ባለጭራ ግራ ጎኔን መታኝ። ቁስሉ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን አልሄደም። ልብስ ሲነካኝ እንደ ሳማ ይለበልበኝ ስለ ነበር ክንዴን ከጎኔ አርቄ አስተምር ነበር። ደብረ ታቦር ያየችኝ ዶክተር ማክዳ በመጀመሪያ አንድ መድኃኒት ብቻ አዘዘችልኝ፤ አልበቃ ብሎ መጠኑ ሲጨመር ተማሪዎቼ ፊት እንገዳገድ ጀመር። ስለዚህ ያንን ቀንሳ ሌላ ጨመረችበትና ሁለቱ በትንሽ በትንሹ ተጋግዘው ነርቩን እንደሚያበርዱት አስረዳችኝ። እውነትም እንቅልፍ አገኘሁ። ይዤው የመጣሁት ሲያልቅ ማዘዣዬን ይዤ ወደ እርስዎ መጣሁ።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬ፣ ጥንቃቄዎን ይመለከታል። አንዱ ለሚጥል በሽታ፣ ሌላው ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መሆኑን በመድኃኒት መስጫው መስኮት በተሰለፈው ሕዝብ ፊት ካበሰሩ በኋላ፣ «መምህርት፣ ከሁለቱ በሽታ የትኛውን ነው የደበቅሽን?» አሉኝ። ለነርቭም እንደሚታዘዙ ሐኪሟን በስልክ እንዲጠይቁልኝ ብለምንዎ፣ በስልክ ማንም ዶክተር ነኝ ሊል እንደሚችል አስተማሩኝ። በመጨረሻም በቸርነትዎ አንዱን መርጬ እንድወስድ ፈቀዱልኝ። መረጥሁ፤ ሕመሙም በሳምንቱ ወደ ቤቱ፣ ወደ ግራ ጎኔ፣ ተመለሰ።

ሁለተኛው ለተማሪዎቼ ያሳዩት አሳቢነት ነው። ለርእሰ መምህራችን ለአቶ ፍሬው ሹክ ባይሏቸው ኖሮ ከክፍል ወጥቼ ቤተ መጻሕፍት ባልተቀመጥሁም ነበር። እዚያ ሳስነጥስ እንኳ ባልደረቦቼ በሩን ያዩ ነበር። እኔም በተራዬ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እኔ እየመሰለኝ ኪኒኔን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መዋጥ ጀመርሁ። ጥርጣሬ ከጉንፋን ይልቅ ተላላፊ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ንፋስ መውጫ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት ማዘዣዬን አይቶ፣ ድብታ እንዳለኝ ጠይቆ፣ ሁለቱንም ሰጠኝ። አቶ ፍሬውም ለስብሰባ ደብረ ታቦር በሄዱ ጊዜ በፈቃዴ ሐኪሟን ራሷን አነጋገሯት። ሲመለሱ ጠመኔ አንስተው ሰጡኝና ክፍሌ ድረስ ሸኙኝ። ሕመሙ ጨርሶ ባይለቀኝም ይቻላል።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ያን ዕለት በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር የደበቀ ሰው ቢኖር፣ ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው እንደሚታዘዙ አለማወቅዎን የደበቁት እርስዎ ይሆኑ?

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ከመስኮትዎም ራቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤
አክባሪዎ መምህርት ፈትለወርቅ ንጋቱ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በምን ሁኔታ እንደ ጻፍሁት መጠየቅዎ አይቀርምና፣ ሁለቱንም መድኃኒት ውጬ ነው። እርስዎ እንደ ፈቀዱልኝ አንዱን ብቻ ውጬ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በትሕትና አልጽፍልዎም ነበር።