በናስትሮ የተጠቀለሉት ሽቦዎች

ውድ ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ስለ ጤናህም አልጠይቅህም፤ ደህና እንደምትበላ፣ እንቅልፍም እንደሚወስድህ ሰምቻለሁ።

የላክኸው አዲስ ሬዲዮ ደርሷል። ጂፒኤሱ እዚያው ውስጡ ስለሆነ ሌላ ሽቦ አይፈልግም። «ያንን አሮጌ ነቅለሽ ጣይው፤ ልጁን ጉድ የሠራው እሱ ነው» ብለህ በስልክ አዘዝከኝ። እሺ ብዬ ካቻቢቴ ይዤ ጀልባው ውስጥ ገባሁ። የመሪው ክፍል አሁንም የበሰበሰ ዓሣና ናፍጣ ይሸታል፤ ገብቶ የነበረው ውሃ ከተቀዳ በኋላ ግድግዳው ሻግቷል። አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ሬዲዮውን ፈታሁት። ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ውሃ አልነካውም።

ከጀርባው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አገኘሁ። ለብቻው ከጎኑ ከተሰቀለው ጂፒኤስ ጋር መገናኘት የነበረባቸው እነዚያ ሽቦዎች ጫፋቸው እንኳ አልተላጠም። በናስትሮ ጠቅልለህ ከጣውላው ኋላ ወሽቀሃቸዋል። የናስትሮው ሙጫ እጄ ላይ ቀረ፤ በሳሙና ታጠብኩ፣ በነዳጅ ታጠብኩ፣ አሁንም የሚጣበቅብኝ ይመስለኛል።

ትንሹ ወንድማችን ድምቡሼ አዲስ ሬዲዮ እንግዛ ያለ ጊዜ ትዝ ይልሃል? «ጋሼ፣ ቀዩን የአደጋ ቁልፍ ስንጫን ያለንበትን ቦታ ራሱ የሚናገር ይሻለናል» አለህ። ሳቅህበት። «አንተ ደግሞ አዲስ ነገር ካየህ ምራቅህ ይዝረከረካል! ይኸኛውም ይናገራል። ሁለት ሽቦ ነው፣ እኔ አገናኘዋለሁ» አልከው። በማግስቱ ስክሪኑ ላይ ያለንበትን ቦታ የሚናገሩት ቁጥሮች መጡ፤ እኛም አጨበጨብንልህ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከሁላችንም ቀድመህ ጀልባው ላይ ትወጣ ነበር። «ሬዲዮውን ላሟሙቀው» ትላለህ። ጋሼ ሳያሟሙቀው ማንም አይነካውም። ለካስ ማገናኘት አቅቶህ ነበር። የሽቦዎቹ ቀለም ግራ ሲያጋባህ፣ «አልቻልኩም» ማለት ሞት ሆኖብህ፣ የወደባችንን ቁጥር በየቀኑ በእጅህ ታስገባለት ኖሯል። በእጅ የገባው ቁጥር ሲቆይበት፣ አድሱልኝ እያለ ባሕር ላይ ይጮህ ነበር። «ምን ሆኖ ነው?» ስንልህ «የሽማግሌ ሳል ነው፣ ተዉት» ትለናለህ፣ እንስቃለን። አስጠላኸኝ ጋሼ። ያ ሳቃችን ራሱ አስጠላኝ።

ድምቡሼ ብቻውን የወጣ ዕለትም ጠዋት አሟሙቀህለታል። ጀልባው ውሃ ማስገባት ሲጀምር ቀዩን ቁልፍ ተጫነ፤ ባትሪው ወዲያው ውሃ ስለዋጠው በድምፅ ሊናገር አልቻለም። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ሬዲዮው ወደ ነገራቸው ቦታ ሄዱ፤ ወደ ወደባችን። ዓሣ በሚያጥቡ ሴቶች መካከል የሚሰምጥ ሰው ፈለጉ። ልጁ ባሕር መሀል ሆኖ በባልዲ ውሃ ሲቀዳ ዓሣ አጥማጆች በአጋጣሚ ባያገኙት ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። አንተስ ምን አልክ? «ሬዲዮው አሮጌ ነው፣ ልጁም ደንግጦ አጫጫኑን አበላሽቷል።» በሰው ፊት አልከው፤ በእናታችን ፊት አልከው።

ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ «ይኸኛውም ይናገራል» ባልከው ልክ መሆንህ ነው። ትናንት መመሪያውን ይዤ ቁጭ አልኩና፣ ሌላ ባትሪ አምጥቼ ሽቦዎቹን ላጥኳቸው። መጀመሪያ እምቢ አለኝ፤ አቀያየርኳቸው፣ ሠራ። ጂፒኤሱና ሬዲዮው አንድ ዓይነት ቁጥር አሳዩኝ። አሮጌው ይበቃን ነበር። «እጄ አልሠራልኝም፣ አዲስ እንግዛ» ብትልም ማንም አይስቅብህም ነበር። አዲሱን ግን እገጥመዋለሁ፤ ከአንተ ጋር እልህ ተጋብቼ የሰው ነፍስ አላስይዝም።

ለድምቡሼ እስካሁን አልነገርኩትም። ባሕሩን ትቷል። ቤት ቁጭ ብሎ አውራ ጣቱን እያየ «እትዬ፣ ቆይ እኔ እንዴት ብጫነው ነው?» ይለኛል። ዛሬ ጠዋት ሸሚዙን ሲተኩስ አገኘሁት።

«የት ልትሄድ ነው?»

«እሑድ ጋሼ ጋ እሄዳለሁ። ጀልባውን ስላበላሸሁበት ይቅርታ ልጠይቀው።»

ወጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ፤ ከእሱ ቀድሞ እንዲደርስህ ዛሬውኑ በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ እልከዋለሁ። እሑድ በርህን ሲያንኳኳ ራስህ ክፈት፤ ሚስትህን እንዳትልክ። ያ ቃል ከአፉ ሳይወጣ ቀድመህ እውነቱን ንገረው። ቁጭ ብለህ ካስጨረስከው ግን፣ ጋሼ ብዬ የጠራሁህ ይህ የመጨረሻው ነው።

እህትህ