ለዋናተኛው የተገዛ አይስክሬም

ኦክቶበር 9
ቴስ ለእረፍት መጣች። የልጅ ልጄ፣ ቀጭኔዋ፣ የባሕር ኃይል ጄት አብራሪ። እንደ ልማዳችን ጀርባ ለጀርባ ገጥመን ቆምን።
«አባባ፣ ደግሞ አጠርክ!»
«እኔን አትበዪኝ፤ ወንበሩን ጠይቂው።»
ውሸቴን አይደለም። ያኔ እኔም አብራሪ ሳለሁ፣ ጄቴ ሲነድ የአደጋ ጊዜ ወንበሩ ከነነፍሴ አስፈንጥሮ አወጣኝ፤ አከርካሪዬን ግን አንድ ጣት ያህል ጨፍልቆ አስቀረው። ከባሕር ላወጡኝ ልጆች አይስክሬም ገዛሁ። የኛ ደንብ ነው፤ የወደቀ አብራሪ ላወጣ፣ አይስክሬም።
ስሸኛት «አንቺም አይስክሬም እንዳታስገዢኝ» አልኳት።
«ብትገዛም ርካሹን ቫኒላ ነው። ቋጣሪ!»

ኦክቶበር 21
ከጦር ሰፈሩ ተደወለ። የቴስ ጄት ባሕር ላይ ወድቋል። በወንበሩ ወጥታለች አሉ... ሄሊኮፕተር ሄዷል አሉ። ውሃው በረዶ ነው። ሰው ስንት ደቂቃ ይቆይበታል? አውቃለሁ። አልጽፈውም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
በሕይወት ተገኘች! ሮጬ ሁለት ባልዲ አይስክሬም ገዛሁ። ሻጯ «ሠርግ አለብዎት እንዴ?» አለችኝ። «ሙሽራው እኔ ነኝ» አልኳት።

ኦክቶበር 22
ሆስፒታል። ከጄቱ ስትወጣ የፍጥነቱ ነፋስ ክንዷን ሰብሮታል።
«ያወጣሽ የታለ? አይስክሬሙ መኪና ውስጥ እየቀለጠ ነው» አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው።
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ... «ዳሪን ይባላል፣ የነፍስ አድን ዋናተኛው። ፓራሹቱ ውሃ ሞልቶ ወደ ታች ይጎትተኝ ነበር። በአንድ እጄ ማላቀቅ አቃተኝ። ከሄሊኮፕተሩ ዘሎ ገባ፣ አላቀቀኝ፣ በገመዱ ወደ ላይ ላከኝ። ከላይ ሆኜ ሳይ... ፓራሹቱ እሱን ጠምጥሞታል። አባባ፣ አውራ ጣቱን እያሳየኝ ነበር። ደህና ነኝ እያለኝ።»

ኦክቶበር 26
ዳሪን ከውሃው በሕይወት አልወጣም። ቀልድ እምቢ አለኝ።

ኖቬምበር 16
ቴስ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ መጣች። «ደንብ ደንብ ነው» አለች። ቫኒላ ገዛን፤ ውዱን። ዳሪን ቤት ሄደን አንኳኳን።
በሩን የዳሪን እናት ከፈተችው። የቴስን ክንድ አየች፣ ባልዲውን አየች። እነማን ናችሁ አላለችም።
«ዳሪኔ እኮ ቫኒላ ይጠላ ነበር» አለች። ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። ቴስ አቀፈቻት። ብዙ ቆዩ... ከዚያ ሴትየዋ ሦስት ማንኪያ አመጣች። በላን።
ቤት ስንመለስ ቴስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች።
«ለካኝ፣ አባባ።»
ጀርባ ለጀርባ ገጥመን አናታችንን በእጄ ዳበስኩ። እሷም አንድ ጣት አጥራለች...
«አላጠርሽም» አልኳት።