እናቴ ሠርታ እህቴ ስለደፋችው ሾርባ

ለተከበሩ የኢንተርኔት ክትትል መሥሪያ ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና የሰው ደብዳቤ ሲያነቡ ዓይናቸው ለሚደክመው ሠራተኞችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኛ እንዴት እንደሰነበትን አልጽፍልዎትም፤ የሚያውቁትን መልሶ መንገር ጊዜዎን መሻማት ይሆንብኛል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

፩ኛ/ ታላቅ እህቴ መነጽር ቤት ተቀጥራ የመነጽር መስታወት ትቆርጥ ነበር። ኩላሊቷን ታማ ሆስፒታል ስትተኛ እናታችን በየቀኑ ሾርባ በፔርሙዝ ታመላልስላት ነበር። እህቴ ግን መዋጥ አቅቷት ስለነበር፣ እማዬ ዞር ስትል መታጠቢያው ውስጥ ትደፋውና ለእኔ ብቻ በስልክ ትጽፍልኛለች፤ «ትንሹ፣ ቱቦው ውስጥ ያሉት አይጦች በእማዬ ሾርባ ወፍረዋል፤ እንዳትሰማ።» እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ባዶ ፔርሙዝ ይዛ ስትመለስ የእናቴ ፊት እንዴት ይበራ እንደነበር እርስዎ አላዩም፤ ወጥ ቤታችን ድረስ ገና ስላልገቡ ይሆናል።

፪ኛ/ እህቴ ስታርፍ ለቅሶ ከደረሱን ሰዎች አንዱ የእርስዎ ሠራተኛ የሆነው ጎረቤታችን ነበር። ሰፈሩ «ዝምተኛው» ይለዋል። ወንበር ተሸክሟል፣ ከልቡም አዝኗል፤ ይህን አልክድም። እናቴ «ጨው አብዝቼባት ይሆን? ሾርባዬ ይሆን የገደላት?» እያለች ስታለቅስ አንጀቱ አልችል ብሎት፣ «እትዬ፣ በዚህስ አይጨነቁ፤ እሷ እኮ አልጠጣችውም፣ አይጦቹ ናቸው የወፈሩበት» አላት፤ ፈገግ ብሎ። ይህ ሰው ሆስፒታሉን ረግጦት አያውቅም። እናቴ እሱን አላየችም፤ እኔን አየችኝ።

፫ኛ/ ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ የልጇን ምስጢር ለጎረቤት የዘራሁት እኔ እንደሆንኩ ታምናለች። «ለባዳ የነገርከውን ለእኔ ብትነግረኝ ኖሮ ሌላ ነገር እሠራላት አልነበር?» አለችኝ። መሥሪያ ቤትዎ አንብቦት እንደሆነ ባስረዳት፣ «መንግሥት ስንት ሥራ እያለው የእኔን ሾርባ ያነባል?» ብላ ፊቷን አዞረች። ጥያቄው የእኔም ነው። ፔርሙዙ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሏል፤ እኔም ምግብ የሚቀርብልኝ ቀና ብላ ሳታየኝ ነው።

፬ኛ/ በቴሌቪዥን ቀርበው የሕዝብን ደኅንነትና የግል ምስጢርን በእኩል እንደሚመዝኑ ሲናገሩ በጥሞና ሰምቻለሁ። ወንጀለኛ አይያዝ አልልም፤ የተጠረጠረ ሰው ካለ ዳኛ አስፈቅደው ይከታተሉት። የሰፈራችንን ጫማ ጠጋኝ መሣሪያ የሰረቀው ልጅ ግን የመሣሪያውን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎ እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ ስለ ሾርባ ስለማይጽፍ አላዩት ይሆናል። መዛኙ ራሱ አንደኛው ሳህን ላይ ከተቀመጠ ሚዛኑ ምን እንደሚል የፊዚክስ መምህራችንን ልጠይቅ ብዬ ተውኩት፤ እሳቸውም ስልክ አላቸው።

ቁጥር ያልሰጠሁት አንድ ነገር ቀርቷል። የእህቴን ቀልድ ሳነብ ብቻዬን የምስቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድ የቢሮ ሰው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ አብሮኝ ይስቅ ነበር። አሁን መልእክቶቿን ስከፍት ሰው አላምጦ የተፋው ምግብ ይመስሉኛል። ከእሷ የቀሩኝ ደግሞ እነዚያ መልእክቶች ብቻ ናቸው።

ካሳ አልጠይቅም። ሠራተኛዎ አንድ ጊዜ ቤታችን ጎራ ብሎ ለእናቴ «ከልጅዎ አልሰማሁም፤ አንብቤ ነው» ይበልልኝ። እኔ ራሴ ሄጄ በሩን አንኳኩቼ ነበር፤ መጋረጃው ተነቃነቀ፣ በሩ ግን አልተከፈተም። የግል ኑሮው እንዲከበርለት የሚፈልግ ሰው መሆኑን ተረድቼ ተመለስኩ።

ለአንድ አፍታም ላልተለየኝ ትኩረትዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ስሙን መጻፍ ያላስፈለገው ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እንዳያመልጥዎ ግን ወደ እህቴ ስልክም ልኬዋለሁ። እዚያ የሚደርሰውን ከእርስዎ በቀር የሚያነበው የለም። በዚሁ አጋጣሚ ለመልስ እንዳይዘገዩ አሳስባለሁ፤ እሷ አንብባ ዝም ብላኝ አታውቅም።