ከአማካይ በታች መሆንን ለከለከሉት ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ የሳይንስና የሒሳብ አዳሪ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትን፣ ለቢሮዎ ምንጣፍም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኛ የሴቶች መኝታ ቤት ነዋሪዎች፣ ከሳሙናና ከእንቅልፍ እጥረት በቀር፣ በመልካም አስተዳደርዎ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ያስገባናቸው ማመልከቻዎች መልስ አጥተው ሳይሆን፣ ምስጋና በአደባባይ ሲሆን ያምራል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማይክሮስኮፖቹ እናመሰግናለን። ዓመቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው በመክረማቸው አንዳቸውም አልተሰበሩም። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይወጣሉ፤ እኛም ነጭ ጋውን ለብሰን አጠገባቸው ፎቶ እንነሳለን። ባለፈው ጊዜ አንዷ ጓደኛችን ደፍራ ዓይኗን ብታስጠጋ የሌንሱ ክዳን እንኳ አልተነሳም። ፎቶው ግን ቆንጆ ወጥቷል።

ሁለተኛ፣ ቀዝቃዛ ሻወር አእምሮን ያነቃል ማለትዎን ሰምተናል። የእርስዎንም ንቃት አጥብቀን ስለምንመኝ አንድ ጠዋት ብቅ ቢሉልን ደስታውን አንችለውም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ በሒሳብ ከክፍሉ አማካይ በታች ያመጣ ተማሪ ሁሉ ወደ ቤቱ ይሸኛል የሚለው አዲሱ ደንብዎ ነው። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲያነቡልን መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ብዙ ቆዩ። በመጀመሪያው ፈተና ዝቅተኞቹን ሸኘን። እነሱ ሲሄዱ አማካዩ ከፍ አለ፤ አማካዩ ከፍ ሲል ትናንት ደህና የነበሩት ዛሬ ዝቅተኛ ሆኑ፤ እነሱንም ሸኘን። በዚህ አያያዛችን በምረቃው ቀን የሚቀረው አንድ ተማሪ ነው፤ ንግግር የሚያደርገውም የሚያጨበጭበውም እሱው ይሆናል።

አሁን ተራው የደረሰው ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው፣ እማዬ የምንላት ልጅ ናት። ስሙን ያገኘችው የመጣን ሰሞን ቤት ናፍቆን ስናለቅስ በየአልጋችን ጫፍ እየተቀመጠች ስላባበለችን ነው። ከነበረችበት ትምህርት ቤት ግማሹን መጽሐፍ ሳትማር መጥታ፣ ፈተና በመጣ ቁጥር ውጤቷን ከፍ አድርጋለች። አማካዩ ግን ከእሷ ፈጥኖ ሮጠ። እሷን የቀደማት አንድም ሰው ሳይሆን የተሸኙት ጓደኞቻችን ባዶ ወንበር ነው።

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጄ ሳይንቲስት ልትሆን ነው ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል። ባለፈው ሳምንት፣ ገና የመጨረሻው ፈተና ሳይደርስ፣ ለአባዬ ምን ብዬ ልንገረው ብላ ጠየቀችኝ። ተመርጬ የገባሁ ተማሪ ነኝና መልስ ይኖረኛል ብላ ነበር። መልሱን ፍለጋ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ክቡርነትዎ፣ በጣም ተናድጃለሁ፤ ይህን በአክብሮት የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ ደንቡን እንዲሽሩልን በትሕትና እየለመንኩ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ብዕርዎም ከአዳዲስ ደንቦች ጥቂት እንዲያርፍ ከልብ እመኛለሁ።

ለጊዜው ከአማካይ በላይ የምገኝ፣
እጅግ ታዛዥ ተማሪዎ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን የሒሳብ ፈተና ወስደናል። መምህራችን ሲያርሙ እንዳይደነግጡ አስቀድመው ቢነግሩልን፤ ከስማችን በቀር አንዳችንም ምንም አልጻፍንም። የክፍሉ አማካይ ዜሮ ስለሆነና ከዜሮ በታች ያመጣ ስለሌለ፣ በደንብዎ መሠረት የሚሸኝ ተማሪ የለም። አንዲት ነጥብ ስትጎድልባት የምታለቅሰው የክፍላችን አንደኛ ሳትቀር እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ወጣች። አንድ ሰው አንዲት ጥያቄ ብቻ ቢመልስ ኖሮ የቀረነው ሁላችንም ከአማካይ በታች ሆነን እንሸኝ ነበር። ማንም አልመለሰም።