የወይዘሮ ብሉማን ስደት ወደ ሽርሽር ስለቀየሩልን

ስቶክሆልም፣ የካቲት 2006 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፤ ከእንግዲህ ሳልጠቅስ አላልፍም)

ለተከበሩ የአረጋውያን መኖሪያ ጉዳይ ሃንድሌጋሬ (በእኛ አፍ ጉዳይ አስፈጻሚ)፣

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ማኅተምዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ሰአዳ ሸኪብ፣ ሁስቢ ሰፈር የምኖር፣ በሄምሸንስት አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የምንከባከብ የወሎ ሴት፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በአማርኛ መጻፌ «አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት» የሚለውን ወረቀታችሁን አምኜ ነው።

አንደኛ፦ ጥፋቱ የእኔ ነው። የሰማንያ ሁለት ዓመቷ አይሁዳዊት ወይዘሮ ብሉማ ናዚዎችን ሸሽተው ከዴንማርክ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ስዊድን የገቡት እንደ ፈረንጅ በ1943 ነው። እኔ ግን ዓመተ ምሕረቱን ወደ እኛ ካልመለስኩት ዘመኑ አይገባኝምና፣ የመኖሪያ ማመልከቻ ቅጹን ስሞላላቸው 1936 ብዬ ጻፍኩት። እርስዎም እንደ ፈረንጅ ቆጥረው «በ1936 ጦርነት ስላልነበረ አመልካቿ ስደተኛ ሳይሆኑ ጎብኚ ናቸው፤ መኖሪያ አይገባቸውም» ብለው ወሰኑ። ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሲጎበኙ እንደቆዩ ስላልጠየቁ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ወይዘሮ ብሉማ የጠየቁት ቤተ መንግሥት አይደለም። በአይሁድ አረጋውያን መኖሪያ አንዲት ክፍል ተለቅቃለች፤ የምትጠብቃቸው እስከ ሐሙስ ብቻ ነው። በእርጅና ስዊድንኛው እየጠፋባቸው፣ የቀራቸው የልጅነት ቋንቋቸው ዪዲሽ ሆኗል፤ እሱን የሚሰማቸው ያለው እዚያ ነው። እኔ አልሰማምና በአማርኛ እመልስላቸዋለሁ፤ ተያይተን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ሲያለቅሱ ግን ምን እንዳሉ ስለማላውቅ እንባቸውን ብቻ እጠርግላቸዋለሁ። እርስዎ ደግሞ ደግነትዎ በዝቶ፣ ጎብኚ ያሏቸውን ሴት ለአዲስ መጤዎች የስዊድንኛ ትምህርት መዘገቧቸው። ሠላሳ ዓመት ስዊድንኛ ያስተማሩ ናቸውና፣ ምናልባት አስተማሪ ሆኖ የሚደርሳቸው የራሳቸው የድሮ ተማሪ ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ስህተቴን ላርም ብመጣ፣ በጀልባው አብረዋቸው ከነበሩ ሁለት ምስክሮች ፊርማ እንዳመጣ አዘዙኝ። ይህን ያህል መጠንቀቅዎን ሳይ፣ ያን ጊዜ ጀልባው በደረሰበት ወደብ ላይ እርስዎ ባለመኖርዎ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ተራ ቁጥሬን በእጄ እንደያዝኩ፣
አክባሪዎ ሰአዳ ሸኪብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጀልባው የነበሩት አባታቸው፣ እናታቸውና ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። የአባትና የእናታቸውን የመቃብር ቁጥር አያይዤ ልኬልዎታለሁ። ወንድማቸው በመንገድ ላይ ከጀልባው ወድቆ ባሕሩ ውስጥ ስለቀረ አድራሻ የለውም። ወይዘሮ ብሉማ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል፤ ለእርስዎ ከመለሰልዎት፣ እባክዎ ከሐሙስ በፊት ለእሳቸውም ይንገሩልን።