የደበቅኸው ትኩሳት

ወንድሜ ኤቦ፣ እንዴት ነህ? ያለህበት አገር እንደ ከተማችን ሰኮንዲ የባሕር ንፋስ ይቀዝቅዝልህ። እማ ትንሽ ቀለል ብሏታል፤ ብቻ ኬንኬ የምንለውን የበቆሎ ምግብ ስትገዛ ዛሬም ያንተን ድርሻ ታስጨምራለች። ጣሪያው እንደገና ያፈሳል።

ከወጣት ብሔራዊ ቡድኑ ጋር ውጭ አገር አብሮህ የሄደው ጆጆ መጥቶ ሁሉንም ነገረን። ወባ እያንቀጠቀጠህ ልምምድ ሮጠሃል። አሠልጣኙ «አመመኝ የሚል እናቱ ጉያ ይግባ!» ይል ነበር አሉ፤ ታምሞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ደግሞ ዳግም ለቡድኑ አይጠራም። ስለዚህ ትኩሳትህን ደበቅህ፤ ሜዳው ላይ ወድቀህም ሳትነሳ ቀረህ። አሁን ሌላ ልጅ በቦታህ ጠርተዋል።

ነፍስህ በሰላም ትረፍ። እባክህ፣ አንድ ሌሊት በሕልሟ መጥተህ እማን አጽናናት።

ከቀብርህ ማግስት ጠዋት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያላንተ ብቻዬን ወደምንለማመድበት የአሸዋ ሜዳ ወረድኩ። ከሰፈር ልጆች ጋር ስንሮጥ ጎኔን ክፉኛ ወጋኝ። የሰፈራችን አሠልጣኝ፣ አጎቴ ቤንሲል፣ «ሩጥ እንጂ! የኤቦ ወንድም አይደለህ እንዴ?» አለኝ።

ቆምኩ። «አጎቴ፣ አሞኛል» አልኩት።

ልጆቹ «እናትህን እንጥራልህ?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።